ልጄ ሦስተኛ ጠመንጃ ልግዛ ይላል፤ ምን ልበለው?

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከአዳማ፣ ከፍራንኮ አካባቢ ነው። ልጄ 19 ዓመቱ ነው። ዲቪ ደርሶት ሚኒሶታ ከገባ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። የሚኖረው ወንድሜ ቤት ነው። ቀን መጋዘን ይሠራል፣ ማታ ይማራል። አንድ የሥራ ባልደረባው ኢላማ ተኩስ ክበብ ወሰደውና ይኸው ሱስ ሆነበት። እስካሁን ሁለት ገዝቷል። አንዱ ሩገር የሚባል ትንሽ ጠመንጃ ነው፣ ሌላው ሾትገን። አሁን ሦስተኛ ሊጨምር ነው። ‹እማ፣ ሳትመርቂኝ አልገዛም› ብሎ ሦስት ፎቶ ላከልኝ። አንድ ጥቁር ኤአር የሚሉት፣ አንድ አጋዘን የሚታደንበት ትልቅ ጠመንጃ፣ አንድ ሽጉጥ። ለሽጉጡ ዕድሜው ስላልደረሰ አጎቱ ‹ብሩን ስጠኝና በስሜ ልግዛልህ› ብሎታል። ወንድሜ የ6 እና የ9 ዓመት ልጆች አሉት። እኔ ስለ መሣሪያ የማውቀው የአባቴን ውጅግራ ግድግዳ ላይ ማየት ብቻ ነው። እህቴ ደግሞ ‹የአያቱን ላኪለት፣ ቅርሱ ነው› ትላለች። እንቅልፍ አጣሁ። እምቢ ብለው ተደብቆ እንዳይገዛ እፈራለሁ። የቱን ይግዛ ልበለው? እንደ ታናሽ እህትዎ ይምከሩኝ።»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ልጅሽ ላይ ተናደድኩ። ሁለተኛ ሳነበው ወደድኩት። ውቅያኖስ ማዶ ሆኖ፣ የራሱን ደሞዝ እየበላ፣ «ሳትመርቂኝ አልገዛም» የሚል የ19 ዓመት ጎረምሳ እኮ በመብራት ተፈልጎ አይገኝም። እምቢ ካልሽው ተደብቆ ይገዛል ያልሽው ልክ ነው። ዝም ብለሽ ከመረቅሽውም ፎቶ መላኩን አያቆምም፤ ሦስተኛው አራተኛ ይወልዳል።

ማን ሆነህ ትመክራለህ እንዳትዪኝ፣ ያደግኩት አርሲ ነው፣ ጠመንጃ ከምሰሶ በማይወርድበት ቤት። ኋላም ወታደር ቤት ጥቂት ዓመት ኢላማ አሠልጥኛለሁ። ዛሬ መሣሪያ የለኝም። አዳማ ላይ ከአቧራውና ከባጃጁ ሌላ የምታገለው ጠላት የለም።

ከሽጉጡ ልጀምር፤ እሱ የምርጫ ጉዳይ ስላልሆነ። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ፈቃድ ያለው ሻጭ ጠመንጃና ሾትገን ለመሸጥ ገዢው 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ለሽጉጥ 21 ነው። አጎቱ «በስሜ ልግዛልህ» ማለቱ በእኛ ዓይን ደግነት ነው። እኛ አገር አጎት ለእህቱ ልጅ ያልፈረመው ምን አለ? ሲም ካርዱ በአጎት ስም፣ የቤት ኪራይ ውሉ በአጎት ስም። እዚያ ግን መሣሪያ ሲገዛ 4473 የሚባል ቅጽ ይሞላል። ቅጹ «እውነተኛው ገዢ አንተ ነህ ወይ?» ብሎ በግልጽ ይጠይቃል። በልጁ ብር ለልጁ እየገዛ «አዎ» ብሎ የፈረመ አጎት ዋሽቷል። በዚህ ቅጽ ላይ መዋሸት ደግሞ ራሱን የቻለ የፌዴራል ወንጀል ነው። ቅጣቱ እስከ 10 ዓመት እስራት ይደርሳል። ልጅሽ ገና ግሪን ካርድ ነው ያለው፣ ዜግነት የለውም። የመሣሪያ ወንጀል ግሪን ካርድ ያለውን ሰው ከአገር ሊያስባርረው ይችላል። አጎትየው ከገዛ ኪሱ፣ ከልቡ ስጦታ ቢሰጥ ነገሩ ሌላ ነው። «ብሩን ስጠኝ» ካለ በኋላ ግን ስጦታ የሚባል ነገር የለም። ይህን ዓምድ አንብበሽ ሳትጨርሺ ለወንድምሽ ብትደውዪ ደስ ይለኛል።

መንገዴን ልሳትና አንድ ነገር ልጨምር፤ ልጆቻቸውን በተማሪ ቪዛ የላኩ ወላጆችም ያነቡኛልና። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው እዚያ አገር በመሠረቱ መሣሪያም ጥይትም መያዝ አይፈቀድለትም። የአደን ፈቃድን የመሰሉ ጠባብ ቀዳዳዎች አሉ። «ጓደኛዬ አዋሰኝ፣ አንዴ ብቻ ነው የተኮስኩት» የሚለው ግን አያስመልጥም። የአንቺ ልጅ በዲቪ ስለገባ ይህ አይመለከተውም።

አሁን በእጁ ወዳሉት ሁለቱ እንሂድ። አውቆም ይሁን ሳያውቅ ጥሩ ጀምሯል። ሩገር ካልሽኝ 10/22 የሚሉት ይመስለኛል፣ የጀማሪ ሁሉ ጠመንጃ እሱ ነው። ከ1964 ጀምሮ ይሠራል። 10 ጥይት የሚይዝ ክብ የጥይት ካርታ ሆዱ ውስጥ ይገባለታል። ጥይቱ 22 ሎንግ ራይፍል ነው። እርሳሷ 2.6 ግራም ገደማ ብትመዝን ነው። ድምጿም ትንሽ፣ አትራገጥም፣ ዋጋዋም ርካሽ። ትንሽ ናት ብሎ መናቅ ግን አያዋጣም። የጥይቷ ሳጥን ላይ እስከ አንድ ማይል ተኩል ድረስ አደገኛ ናት የሚል ማስጠንቀቂያ ታገኛለሽ፤ 2.4 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። በዚያ ርቀት ውስጥ አዳማ ላይ ስንት ቆርቆሮ ጣሪያ እንዳለ አስቢው።

ሾትገን ብዙ ትንንሽ እርሳስ በአንዴ የሚበትን ጠመንጃ ነው። የአፉን ስፋት የሚናገረውን ቁጥር አልነገርሽኝም፣ 12 ወይም 20 ይሆናል። ቁጥሩ ሲያንስ አፉ የሚሰፋ መሣሪያ ነው። ግራ ይገባል፣ አይደል? ሊጥ አድርገሽ አስቢው። ከአንድ ቡሃቃ 12 ዳቦ ከወጣ ዳቦው ትልቅ ነው፣ 20 ከወጣ ያንሳል። እነሱም በጥንት ጊዜ ከአንድ ፓውንድ እርሳስ ለአፈሙዙ ልክ የሚሆን ስንት ድቡልቡል እንደሚወጣ ቆጥረው ነው ስም ያወጡለት። ለልጅሽ ዋናው ነገር ሾትገን ካለው ወደ ሰማይ የሚወረወረውን የሸክላ ሳህን መምታት ይችላል ማለት ነው። የቆመ ኢላማ በሩገሩ፣ የሚበር በሾትገኑ። ለዓመት ከመንፈቅ ተኳሽ ይህ ሙሉ ቤት ነው።

ታዲያ ምን ጎደለው? ይህን ለእሱ ጠይቂው። «ከሁለቱ አንዳቸውም ሊሠሩልህ ያልቻሉት ሥራ ምንድን ነው?» በዪው። መልሱ «ያምራል» ከሆነ እንግዲህ ጫማ እየገዛ ነው። ያምራል ብሎ መግዛት ኃጢአት አይደለም፤ ግን ስሙን ይጥራው።

ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እንያቸው። ጥቁሩ ኤአር መጀመሪያ ዲዛይኑን ካወጣው ከአርማላይት ድርጅት ስም ነው ኤአር የተባለው። አንዳንዱ ሰው እንደሚያወራው «አጥቂ» ማለት አይደለም። ወታደሩ ከያዘው ጋር መልኩ አንድ ነው፣ ልዩነቱ ቃታ በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ብቻ መተኮሱ ነው። ሚኒሶታ ለሽጉጥና ለዚህ ዓይነቱ ተጨማሪ የፖሊስ ማጣሪያ አላት። ክፉ መሣሪያ ነው አልልም። ብዙ ሰው ይወዳደርበታል። የእኔ ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ኪስ ያራግፋል። የሠላሳ ጥይት ካርታ የሰጠሽው ጎረምሳ ሠላሳውን በአንድ ደቂቃ ይጨርሳል። ከዚያ ኢላማውን ያያል፣ «አሪፍ ነው» ይላል፣ ሌላ ሠላሳ ያጎርሳል። ምን እንደተማረ ጠይቂው። ምንም።

የአጋዘኑን ጠመንጃ ፎቶ ስላላየሁት 308 የሚባለውን ጥይት የሚተኩስ ነው ብዬ ልውሰድ። እርሳሱ 10 ግራም ገደማ ነው፣ ፍጥነቱ በሴኮንድ 800 ሜትር ይጠጋል። አንዱ ጥይት አንድ ዶላር ገደማ ይፈጃል። የ22ቷ አሥር ሳንቲም አካባቢ ናት። ይህ ግን ትንሹ ወጪ ነው። ትልቁ ወጪ ዓይን መጨፈን ነው።

ይህን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ምልምሎች ጠመንጃው ትከሻቸውን ከመታቸው በኋላ ሳይተኩሱ ይደነግጣሉ። ራሳቸው ግን አያውቁትም። «ጠመንጃው ጠማማ ነው» ይሉሻል። አንድ ዘዴ ነበረችን። ጠመንጃውን እኔ አጉርሼ እሰጠዋለሁ፣ አንዳንዴ ባዶውን ደግሞ እንዳጎረስኩ አስመስዬ እሰጠዋለሁ። ልጁ ቃታ ሲስብ ተኩስ የለም። አፈሙዙ ግን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዳንጎላጀ ሽማግሌ ወደ መሬት ድፍት ይላል! ሰልፉ በሙሉ ይስቅበታል። ልጁ ያኔ ነው ጥፋቱ የጠመንጃው እንዳልሆነ የሚገባው። ይህ ልማድ አንዴ ከገባ በሁለትና በሦስት ቀን አይወጣም። መድኃኒቱ ደግሞ ወደ ትንሿ 22 መመለስ ነው። ስለዚህ መጀመሪያውኑ አትለያት በዪው።

አደን ካማረው ደግሞ ጠመንጃው አይቀድምም። ሚኒሶታ ከ1979 በኋላ የተወለደ ሰው የአደን ፈቃድ ለመግዛት የመሣሪያ ደኅንነት ኮርስ ወስዶ ምስክር ወረቀት እንዲይዝ ትጠይቃለች። ልጅሽ ያንን ኮርስ ዘንድሮ ይውሰድ። አንድ ወቅት ከአዳኞች ጋር ብርድ ላይ ተቀምጦ ይዋል። ከዚያ በኋላም አጋዘን አጋዘን ካለ፣ ያኔ 308ቱን እመርቅለታለሁ።

እንግዲህ የቱን ይግዛ? ከሦስቱ ፎቶዎች አንዱንም አይደለም። እኔ የምመርጥለት በእጅ እየተከፈተና እየተዘጋ አንድ በአንድ የሚጎርስ፣ መቀርቀሪያ ያለው 22 ጠመንጃ ነው። ከርካሾቹ ሳቬጅ ማርክ ቱ አለ። ትንሽ ከቆጠበ የቼኩ ሲዜድ 457 ይሻለዋል። ቼኮች በዚህ ሥራ የቆዩ ናቸው። አያቶቻችን ብሬን ሲሉ የነበረው መትረየስ እንኳ የስሙ ግማሽ ብርኖ ከምትባለው የቼክ ከተማ ነው የመጣው፤ ሌላው ግማሽ ከእንግሊዞቹ ኤንፊልድ።

«ሩገሩም 22፣ ይኸኛውም 22፣ ምን ጨመረልኝ?» ማለቱ አይቀርም። ጥይቱ አንድ ዓይነት በመሆኑ ሌላ የጥይት ወጪ አይከፍትም። ዋናው ግን የሚያስተምረው ነገር ነው። በየተኩሱ መቀርቀሪያውን ከፍተሽ፣ ቀለሁን አውጥተሽ፣ ሌላ አጉርሰሽ፣ ዘግተሽ። በዚያች መሃል ሰው ያስባል። የት መታሁ? ለምን ወደ ግራ ሄደ? እስትንፋሴን መቼ ያዝኩ?

ሌላም ምክንያት አለኝ፣ እሱ ግን ትንሽ ያሳፍረኛል።

15 ዓመቴ ላይ የአያቴን ምንሽር ሳይፈቀድልኝ አወረድኩ። ከሥር ሳየው የጥይት ማቀፊያው ሆዱ ውስጥ አልነበረም። ባዶ ነው አልኩ። አንዷ ጥይት ግን አስቀድማ አፉ ውስጥ ጎርሳ ነበር። ወደ ላይ ደግኜ ቃታውን ሳብኩ። ጆሮዬ ለሁለት ቀን ጮኸ። ቆርቆሮው ላይ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ወጣ፣ የፀሐይ ጨረር እንደ ዱላ ቀጥ ብሎ ወረደ። አያቴ ገብተው ቀዳዳውን አዩት፣ እኔን አዩኝ። በጥፊ ይሉኛል ስል አንድ ቃል አልተናገሩም። ጣሪያው ግን እንዳይደፈን ከለከሉ። ክረምቱን ሙሉ ከቀዳዳው ሥር ጣሳ የማስቀምጠው፣ ሌሊት ተነስቼ የምደፋው እኔ ሆንኩ። ጧ፣ ጧ፣ ጧ። እስከ ዛሬ የሚንጠባጠብ ውኃ ስሰማ ያቺ ጥይት ትዝ ትለኛለች።

የልጅሽ ሩገርም እንዲሁ ነው። የጥይት ካርታውን ነቅሎ ቢያወጣ አንዷ አፉ ውስጥ ልትቀር ትችላለች። መቀርቀሪያ ያለው ጠመንጃም ያው ይጎርሳል፣ ምንሽሩም መቀርቀሪያ ነበረው። ልዩነቱ፣ የኢላማ ሜዳ ሥርዓት መቀርቀሪያውን ከፍቶ ማስቀመጥ ነው፤ ከፍተሽ ስታስቀምጪው ባዶነቱ ከሩቅ ይታያል፣ ትንሽ ጣት እንኳ ልትገባበት ትችላለች። እኔ ያኔ አልከፈትኩትም። ልጅሽ ሁልጊዜ ይክፈት። በዓይኑ ይይ፣ በጣቱ ይዳስስ።

በዚህ ጠመንጃ በ50 ሜትር ይለማመድ። በዓለም አቀፉ ውድድር በዚያ ርቀት የአሥር ነጥቧ ክብ ስፋት 10.4 ሚሊ ሜትር ናት፣ የትንሿ ጣትሽን ጥፍር ታህላለች። ነፋስ ሲኖር ደግሞ ጉድ ነው። መጠነኛ የጎን ነፋስ የ22ን ጥይት በ50 ሜትር ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ወዲያ ይገፋታል። በደንብ አልመሽ፣ በደንብ ስበሽ፣ ጥይቷ ከክቡ ውጪ ታርፋለች። ለአዳማ ልጅ ስለ ነፋስ ማስተማር ለዓሣ ዋና ማስተማር ነው። ከከተማችን በላይ ኮረብታው ላይ 136 ተርባይን የተተከለው ለጌጥ አይደለም። ግን አቧራ ሲነሳ ዓይን ጨፍኖ መሮጥ ሌላ ነው፣ ሣሩ ወዴት እንደተኛ አይቶ መጠበቅ ሌላ። ጠብቆ መተኮስን ይልመድ።

ክረምታቸው ሲመጣ ሜዳው ያልቃል፤ ሚኒሶታ ከዜሮ በታች 20 ስትገባ ጣት ቃታ አይስብም። ለዚያ ጊዜ ሁለተኛ ምርጫዬ የአየር ጠመንጃ ነው። የልጆች መጫወቻውን አይደለም የምልሽ። ኦሊምፒክ ላይ በ10 ሜትር የሚወዳደሩበትን ዓይነት ነው፣ በ4.5 ሚሊ ሜትር እርሳስ የሚተኮሰውን። በዚያ ውድድር የአሥር ነጥቧ ነቁጥ ስፋት ግማሽ ሚሊ ሜትር ናት። ከጤፍ ፍሬ ታንሳለች! የፌዴራል ሕጉ ከጦር መሣሪያ አይቆጥረውም፣ ባሩድ የለውም፣ ክበቡ ቦታ ካለው ቤት ውስጥ ይተኮሳል። ዓይን ግን ያጠፋል። መነጽርና ቁልፍ ለእሱም ያስፈልጉታል።

እዚህ ላይ የእኛ ከተማ ጎረምሶች ተነስተው «ጋሼ እንዲህ አሉ» እንዳይሉ። እኛ አገር ነገሩ ሌላ ነው። ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያስጠይቃል። የሚኒሶታውን ለሚኒሶታ እንተወው።

ከሦስተኛው ጠመንጃ በፊት ግን ብረት ሳጥን ይግዛ። በዚህ አልደራደርም። ቤቱ ውስጥ የ6 እና የ9 ዓመት ልጆች አሉ። የ6 ዓመት ልጅ ቁም ሳጥን አናት ላይ ለመድረስ ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል? ልጆች አሳድገሻል፣ አንቺ ታውቂዋለሽ። ሚኒሶታ ውስጥ ልጅ ሊደርስበት በሚችል ቦታ የጎረሰ መሣሪያ ማስቀመጥ ወንጀል ነው። ጠመንጃዎቹ ባዶ ሆነው በቁልፍ፣ ጥይቱ በሌላ ቁልፍ። ሳጥኑን እስኪገዛ ድረስ ብዙ ፖሊስ ጣቢያዎች በነፃ የሚሰጡት የገመድ ቁልፍ አለ፣ ሄዶ ይጠይቅ። «ሳጥኑን ገዝቼ አሳይሻለሁ» ይበልሽ፣ በቪዲዮ ደውሎም ያሳይሽ። እናት ነሽ፣ ጠይቂ። ከተኩስ ሲመለስ ደግሞ ሕፃናቱን ከማቀፉ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ፣ ልብሱን ይቀይር። የእርሳስ ብናኝ ልብስ ላይ ይቀራል፣ ለሕፃናት አእምሮ መርዝ ነው።

የሚቀጥለውን መጻፍ ከበደኝ፤ ሳልጽፈው ማለፍ ግን ከሐሜት ይከፋል። በአሜሪካ በጥይት ከሚሞተው ሰው ከግማሽ በላይ የሚሞተው በራሱ እጅ ነው። ልጅሽን ጠርጥሬ አይደለም። ግን 19 ዓመት፣ መጋዘን፣ የማታ ትምህርት፣ ገና በአሥር ሰዓት ተኩል ፀሐይ የምትጠልቅበት ክረምት፣ ሩቅ አገር። እኛ «ደህና ነህ?» ስንል «አለሁ» ይሉናል፣ ስልኩ ይዘጋል። አንድ ቀን ረጋ ብለሽ ጠይቂው። «ሌሊት እንቅልፍ ይወስድሃል? ከማን ጋር ትስቃለህ?» በዪው። ከአሁኑ ደግሞ ተስማሙ፤ ልቡ የከፋው ሰሞን የሳጥኑ ቁልፍ አጎቱ ጋ ይሆናል፣ ለምን ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። እዚያ አገር 988 ብሎ የደወለ ሰው ሌሊትም ቢሆን የሚያናግረው ያገኛል። ይህንንም ንገሪው፤ በሳቅ ቢያልፈው እንኳ ቁጥሩ ጆሮው ውስጥ ይቀራል።

ስለ አባትሽ ውጅግራ። እህትሽ ቅርስ ነው ያለችው ልክ ናት፣ ላኪለት ያለችው ግን ስህተት ነው። ውጅግራ የፈረንሳዮቹ ፉዚል ግራ ነው፣ አባቶቻችን በአፋቸው አለዝበው ውጅግራ አሉት። የ1874 ሥሪት ነው፣ አፉ 11 ሚሊ ሜትር፣ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል። በሻንጣ ተጠቅልሎ አይሄድም። ከዚህ ማስወጣቱ ፈቃድ በፈቃድ ነው፣ ቦሌ ላይ ብትያዢ የሚያስረዳልሽ የለም። ይልቅ ፈቃዱ በአባትሽ ስም ብቻ ከሆነ ፖሊስ ጣቢያ ሄደሽ በምን ሁኔታ መያዝ እንደምትችዪ ጠይቂ፣ ሳይውል ሳያድር። ከዚያ ጥሩ ብርሃን ባለበት በር ላይ አስደግፈሽ ፎቶ አንሺው። ሰደፉ ላይ የተጫረ ነገር ካለ፣ ብረቱ ላይ የተቀረጸ ዓመትና ቁጥር ካለ፣ ቀረብ ብለሽ አንሺ። አባትሽ ከማን እንዳገኙት፣ በምን እንደገዙት፣ በበሬ ይሁን በብር፣ የሚያውቅ ሽማግሌ ሳይሞት ጠይቀሽ በድምፅ ቅጂና ላኪለት። ሦስት ፎቶ ልኮልሻል፣ አንቺም ሦስት ላኪለት።

አንድ ነገር ግን በሻንጣ ሊሄድ ይችላል። አያቴ ከዚያ ቀዳዳ በኋላ አንድ ወር ጥይት አላስነኩኝም። ባዶውን ምንሽር ከፍተው ያሳዩኛል፣ እኔም በጣቴ እዳስሳለሁ፣ ይዘጋል፣ ወደ አፈሩ ግድግዳ አነጣጥራለሁ። እሳቸው ከአፈሙዙ አናት ላይ አንድ ስሙኒ በጥንቃቄ ያስቀምጣሉ። ቃታውን ስቤ ስሙኒው ካልወደቀ ስሙኒው የእኔ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አንድም አላገኘሁም። በአራተኛው ሳምንት አያቴ «አሁንስ አከሰርከኝ» አሉ። ልጅሽም ማታ ማታ እንዲህ ይለማመድ። ጥይት በሌለበት ክፍል፣ ሕፃናቱ ከተኙ በኋላ፣ ጠመንጃውን ሁለት ጊዜ ፈትሾ። የ22 መርፌ ባዶ ሲመታ አንዳንዱ ጠመንጃ ስለሚጎዳ የፕላስቲክ ልምምድ ቀለህ ያጉርስበት። ወጪው ከምንም አይቆጠርም፣ ጎረቤት አይረብሽም።

ወደ ሚኒሶታ የሚሄድ ሰው ስታገኚ እንግዲህ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር ሁለት ስሙኒ ጣል አድርጊበት። አንዱ ሲጠፋበት ሌላው ይቀራል።